ከፈረሰ ቤት ዕቃ የጓሮ ዕቃ ቤት መሥራት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት፣ ሞራሌና ማገር ገበያ ይወጣል። ሰፈር ውስጥ ጣሪያ የሚቀይር ሰውም አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ ትራፊ ለዶማና አካፋ፣ ለብስክሌት፣ ለባዶ ጀሪካንና «ይጠቅመኛል» ተብሎ ለተቀመጠ ዕቃ ሁሉ የምትበቃ አንዲት ዕቃ ቤት ይወጣል። መዶሻ ይዞ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ሊሠራት ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ይህን ያዙ። በአዲስ ዕቃ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ልክ ያወጣል፤ ከዚያ ሄዶ ይገዛል። በአሮጌ ዕቃ ሲሆን ልክ የሚያወጣው ዕቃው ራሱ ነው። ያገኛችሁት የቆርቆሮ ርዝመትና ያገኛችሁት የበር ስፋት የቤቷን መጠን ይወስናሉ። «እኔ የምፈልገው 2 በ3 ነው» ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ቆርቆሮ ሲቀጥልና ሲቆርጥ ይከርማል። መጨረሻ ላይም ሄዶ አዲስ ይገዛል።

ደግሞ ሁሉንም ነገር ከአሮጌ ለመሥራት አትሞክሩ። ውሃ የሚያጠቃው ቦታ ላይ ገንዘብ አውጡ። እሱም ሁለት ቦታ ነው፤ የቋሚው እግርና የጣሪያው ሚስማር። ግድግዳው፣ በሩና ወለሉ የፈለገውን ያህል ቢያረጁ ችግር የለም።

ፈቃድና ቦታ

«ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» አትበሉ። ደንብ አስከባሪ ያያታል። ጎረቤትም ያያታል። ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳችሁ ያለው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዳችሁ ምን እንደሚፈለግ ጠይቁ። የምትኖሩት የቀበሌ ቤት ወይም የኪራይ ቤት ከሆነ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ቦታው የጋራ ነውና ነገሩ የማኅበሩ ነው። እኔ ብሆን እዚያ ውስጥ አልገባም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ውሃ ይይዛል፤ እንጨቱም አይደርቅም። ዕቃ መልቀም ግን ዓመቱን ሙሉ ይቻላል። እንዲያውም ቆርቆሮ የሚገዛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ ጣሪያ የሚያስጠግነው ሰው ሁሉ እሱኑ ይፈልጋል።

ቦታ ስትመርጡ ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ውስጥ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ አስታውሱ። በዚያ መንገድ ላይ አትሥሩ። ከአጥርም አትለጥፉት። ሰው በጎን ሾልኮ የሚያልፍበት ያህል ክፍተት ተዉ፤ አለበለዚያ የጀርባውን ግድግዳ ዳግመኛ ቀለም መቀባት አትችሉም። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃም የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያርፋል። ጠብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማድቤት አጠገብ ከሆነ ደግሞ እሳትን አስቡ።

አፈሩንም እዩት። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ቋሚ እንጨት ቀስ በቀስ ያነሳል፤ ያዘማል። ከእንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈር ይሻላል። ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጉ፤ ስትሞሉም ያንኑ አፈር ሳይሆን ገረጋንቲ ሙሉበት።

ዕቃው የሚገኝበት

መጀመሪያ ለቅርብ ሰው ሁሉ ተናገሩ። ጣሪያ የሚያስቀይር ጎረቤት ካለ ቆርቆሮው ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት እናንተ ጋ ይምጣ። ሰፈራችሁን የሚዞረውን ቆራሌው ራሱንም አናግሩት። «በር ከነመቃኑ ካገኘህ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» በሉት። እሱ የሚያየውን ግቢ እናንተ አታዩትም።

ቤት የሚፈርስበት ቦታ ሌላው ምንጭ ነው። እዚያ ሄዳችሁ ስትገዙ ዕቃው ከየት እንደተነቀለ በዓይናችሁ ስለምታዩ ጥሩ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቶች ቁርጥራጭ ጣውላ አላቸው። የሕንፃ ሥራ ቦታ ላይ ኮንክሪት የተሞላበት ጣውላ ይተርፋል። ይህ ጣውላ ጠንካራ ነው፤ ግን ሲሚንቶ የተጣበቀበት ስለሆነ መጋዝ ይገድላል። ከመቁረጣችሁ በፊት ፍቁት። መሥሪያ ቤቶችም ያገለገለ ንብረት በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ለአንድ ትንሽ ዕቃ ቤት ግን የጨረታው ጣጣ አያዋጣም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ የቀረውን ሁሉ ታገኛላችሁ። ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ፣ የተዘረጋ የበርሜል ላሜራ፣ የፌሮ ቁርጥራጭ፣ ከሌላ በር የተነቀለ እጀታ ሁሉ አለ። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ልካችሁን ብትነግሯቸው እዚያው ቆርጠውና አጥፈው ይሰጧችኋል። የሚያስፈልጋችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። እዚያ ቦታ ያለ ዝርዝር የገባ ሰው የማያስፈልገውን ተሸክሞ ይወጣል።

የመጓጓዣ ነገር አደራ። በአሮጌ ዕቃ ያተረፉትን ገንዘብ ጫኝና አውራጅ የሚበላባቸው ብዙ ናቸው። ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ከማምጣት አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ አስጭኑ። የጫኝና አውራጁን ዋጋም መኪናው ሳይቆም በፊት ተነጋገሩ።

የማትገዙት ነገርም አለ። ግራጫ፣ ሲሚንቶ የሚመስል፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው አሮጌ ሉህ ካያችሁ ተዉት። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ምን እንደነበረበት ያላወቃችሁትን በርሜል በግራይንደር ወይም በእሳት ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ባዶ የሚመስል በርሜል ውስጥ የቀረ ጋዝ ይፈነዳል። የመንገድ አጥር ወይም የጉድጓድ ክዳን የሚመስል ብረት በርካሽ ቢቀርብላችሁም እለፉት። ብዛት ያለው ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ባይኖር እንኳ የሻጩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ያዙ።

ቆርቆሮውን መለየት

ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ቤቷ የምትበላሸው ወይም የምታምረው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ከራሳችሁ በላይ አንሱና ከሥሩ ሆናችሁ እዩት። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይበራል። ቀዳዳውን በጠመኔ አክብቡት። ከዚያ ዝገት ያለበትን ቦታ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት። ላዩ ብቻ ቡናማ ሆኖ ሲመታ ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ይሠራል። የሚፈረፈር ከሆነ ያ ክፍል ይቆረጣል።

ከዚያ በሦስት ክምር ለዩ። ቀዳዳው የሚስማር ብቻ የሆነና ቀጥ ያለው ለጣሪያ ይቀመጣል። ጫፉ የተበላ ወይም የተጣመመው ለግድግዳ ይሆናል፤ የተበላው ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ለመለጠፊያ ነው፤ ምንም አትጣሉ። ውፍረቱንም በእጃችሁ እዩ። ገበያ ላይ በጌጅ ነው የሚጠራው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ከባለ 35 በጣም ይወፍራል። የድሮ ቤት ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነውና ዝገቱን ብቻ አይታችሁ አትናቁት።

እንጨቱ ላይ ያለው ምርመራ ቀላል ነው። ከጭቃ ቤት የወጣ የባህር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ የነበረው ጫፉ ሁልጊዜ የበሰበሰ ነው። ሚስማር ወይም ካቻቪቴ ውጉበት። ዝም ብሎ ከገባ ጠንካራ እንጨት እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ። ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ ርዝመት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ግዙ። ጥቃቅን ቀዳዳና ብናኝ ያለበት፣ ወይም ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ነቀዝ ወይም ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ለማገዶ ይሁን።

ሚስማሩን በጉጠት ንቀሉና አቃኑት፤ ለግድግዳ ይሆናል። ለጣሪያ ግን አይሆንም።

ይህን ስትሠሩ ወፍራም ጓንትና ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ አድርጉ። በሰንደል ጫማ አሮጌ እንጨት መሀል አይገባም። የዛገ ሚስማር ከወጋችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

ልክ ማውጣት

እንግዲህ በጣም የተለመደውን እንያዝ። ቆርቆሮው 2 ሜትር ርዝመትና 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል። የእናንተ ከተለየ በዚሁ መንገድ አስሉት።

ጣሪያው ባለ አንድ ክንፍ ይሁን፤ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ። አንድ ቆርቆሮ ሳይቀጠል ከፊት እስከ ኋላ ከደረሰ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አይኖርም። ከፊትና ከኋላ ወጣ የሚለው ሲቀነስ ከ2 ሜትሩ ለቤቷ ጥልቀት 1.60 ይቀራል። ወርዱ ላይ አራት ቆርቆሮ እንደርድር። እያንዳንዱ ቀጣዩ ላይ አንድ ሞገድ ተኩል ይደረብ። 2.86 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በግራና በቀኝ ትንሽ ወጣ እንዲል የቤቷን ወርድ 2.70 እናድርገው።

የፊቱ ከፍታ 2.10፣ የኋላው 1.80 ይሁን። የ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት በሜትር 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተዳፋት ማለት ነው። ለአሮጌ ቆርቆሮ ከዚህ አታሳንሱ። ውሃ ቶሎ ካልወረደ የሚስማር ቀዳዳ ይፈልጋል።

በዚህ ልክ የሚያስፈልገው እንዲህ ነው፦

ለጣሪያ 4 ቆርቆሮ፤ ለግድግዳ 13 ገደማ።
ቋሚ 6፤ ሦስቱ 2.70 ሜትር፣ ሦስቱ 2.40 ሜትር (60 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል)። ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ።
አግዳሚ 2፣ የጣሪያ ማገር 3፤ ሁሉም 2.85 ሜትር።
ወራጅ 3፤ 2 ሜትር።
ለግድግዳ ማገር በጠቅላላው 23 ሜትር ያህል አጣና ወይም ሞራሌ።
ለሰያፍ ድጋፍ 4 ቁርጥራጭ፤ 2.50 ሜትር ገደማ።
አዲስ የሚገዛ፦ ከ50 እስከ 60 የቆርቆሮ ሚስማር፣ ባለ 8ና ባለ 10 ሚስማር፣ ጥቁር ሽቦ፣ ካትራም፣ አንቲረስት።

በሩን አሁን ለኩት፤ በኋላ አይደለም። ከነመቃኑ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የፊቱ መካከለኛ ቋሚ መሀል ላይ አይቆምም። ከማዕዘኑ ቋሚ በር አስገብቶ ሁለት ጣት የሚተርፍ ቦታ ላይ ይቆማል። በሩ ከ2 ሜትር የሚረዝም ከሆነም የፊቱን ቋሚ ያንኑ ያህል ከፍ አድርጉት። ቋሚውን ተክሎ በር የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያንጠለጥለው በር አያገኝም።

መሬቱ ላይ

ሣሩንና ሥሩን ጠርጉ። አራት ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ወጥሩ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ በአንደኛው ሲባጎ 60፣ በሌላኛው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሀል ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። መጨረሻ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። ለ2.70 በ1.60 ሁለቱም ሰያፍ 3.14 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ ከበለጠ ችካሉን ገፋ አድርጉ። ጣሪያ ላይ ሆናችሁ ቆርቆሮው ጠመመ ብላችሁ ከምትናደዱ አሁን አምስት ደቂቃ አጥፉ።

ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥቁር አፈር ላይ 80 ይሁን። 80 ከሆነ ግን የቋሚውን ርዝመት በዚያው ልክ ጨምሩ። ድጅኖ ካላችሁ ጠበብ አድርጋችሁ ቆፍሩ። ሰፊ ጉድጓድ ቋሚ አይዝም።

የቋሚው እግር

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ባህር ዛፍ ጥሩ እንጨት ነው። በምኒልክ ጊዜ ከመጣ ወዲህ አዲስ አበባ የተሠራችው በእሱ ነው። መሬት ውስጥ ሲገባ ግን ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። የሚበላውም ጥልቁ ውስጥ ያለው ሳይሆን መሬቱ ልክ ላይ ያለው አንድ ስንዝር ነው። አየርና እርጥበት የሚገናኙት እዚያ ነውና።

እንጨቱ ይላጥ፤ ልጥ ያለበት እንጨት ምስጥ ይጠራል። ከዚያ መሬት የሚገባውን ክፍልና ከመሬት በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እሳት ላይ እያገላበጣችሁ ለብልቡት። ላዩ ይጥቆር እንጂ አይንደድ። ሲቀዘቅዝ ካትራም ሁለት ጊዜ ቀቡት። ካትራም ሲሞቅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ደጅ፣ በዝግታ እሳት አሙቁት። ብዙ ሰው በካትራም ፈንታ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ይሠራል፤ ግን አፈር ይበክላልና የጓሮ አትክልት ወይም የውሃ ጉድጓድ አጠገብ አታድርጉት።

ጉድጓዱ ሥር አንድ ጭብጥ የሚያህሉ ድንጋዮች አስቀምጡ፤ ውሃ በእነሱ መሀል ይሰርጋል። መጀመሪያ አራቱን የማዕዘን ቋሚዎች ትከሉ። በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ ከሁለት ጎን እያያችሁ፣ ረዳታችሁ ይዞላችሁ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ በየ15 ሴንቲ ሜትር እየጨመራችሁ ጠቅጥቁ። መጠቅጠቂያ የድጅኖው ጀርባ ይበቃል። ከላይ ትንሽ ኮንክሪት ካላችሁ ቋሚው ዙሪያ እንደ ጉብታ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ውሃው ወደ ውጭ እንዲሸሽ። መካከለኞቹን ሁለት ከዚያ በኋላ በሲባጎ መስመር አስገቧቸው።

የቋሚዎቹን አናት ለማስተካከል ከቋሚ ወደ ቋሚ የሚደርስ ቀጭን ግልጽ ጎማ ውሃ ሙሉበት። በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ከመሬት አትለኩ፤ መሬቱ እኩል አይደለም። ምልክት አድርጋችሁ አናቱን በመጋዝ ቁረጡ።

አጥንቱ

አግዳሚዎቹን በፊትና በኋላ ቋሚዎች አናት ላይ አጋድሙ። አናቱን ጎድጎድ አድርጋችሁ ብታስቀምጧቸው አይንከባለሉም። ባለ 10 ሚስማር ምቱ፤ ከዚያ በጥቁር ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ በጉጠት አጥብቁት። ወራጆቹን ከፊት ወደ ኋላ አስተኙና እንደዚሁ እሰሩ። ሽቦው ትርፍ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰጋው ክብደቱ ሳይሆን ከሥር የሚገባው ነፋስ ነው። ሚስማር ብቻውን ይነቀላል፤ ሽቦ ግን ይይዛል።

ነፋስ እንዳይወስደው ጣሪያው ላይ ድንጋይ መጫን የሚወድ ብዙ ነው። እኔ አልወደውም። ድንጋዩ ሥር እርጥበት ይቋጥርና ቆርቆሮውን በዚያው ቦታ ያበሰብሰዋል፤ የወደቀ ቀን ደግሞ ሰው አናት ላይ ነው።

የደረቀ ባህር ዛፍ ሚስማር ያጣምማል። የሚስማሩን ጫፍ ሳሙና ቀቡት። እንጨቱ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሚስማሩን ገልብጣችሁ ሹል ጫፉን በመዶሻ አንዴ ምቱት፤ የደነዘዘ ጫፍ እንጨቱን ሰብሮ ይገባል እንጂ አይከፍለውም።

ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሰያፉን ምቱ። በሁለቱ ጎኖችና በጀርባው ከቋሚው እግር ወደ ቀጣዩ ቋሚ አናት የሚያገናኝ እንጨት ነው። ከመምታታችሁ በፊት ቤቷን ገፋ አድርጋችሁ እዩ፤ ትወዛወዛለች። ከመታችሁ በኋላ ግፏት። ልዩነቱን ታያላችሁ።

ጣሪያው ከግድግዳው ይቀድማል

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንገት ቢዘንብ እንጨቱም እናንተም ትጠለላላችሁ። ግድግዳ ሳይኖር ደግሞ በየጎኑ መሰላል ማቆም ይቻላል።

ማገሮቹን ከመምታታችሁ በፊት ለጣሪያ የመረጣችሁትን ቆርቆሮዎች መሬት ላይ ደርድሩና አሮጌ የሚስማር ቀዳዳዎቻቸው በየስንት እንደተሰለፉ ለኩ። ከአንድ ጣሪያ የወጡ ከሆነ መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። ማገሩን በዚያው መስመር ልክ ምቱት። ያን ጊዜ አዲሱ ሚስማር በአሮጌው ቀዳዳ ይገባል፤ አዲስ ቀዳዳም አይጨመርም። መስመሩ ካልገጠመላችሁ ሦስቱን ማገሮች በእኩል ርቀት፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጉና አሮጌውን ቀዳዳ ድፈኑ።

ድፍኑ እንዲህ ነው። ቀዳዳውን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ ጥረጉ፣ ካትራም ቀቡ፣ ቁራጭ ሸራ ለጥፉበትና ላዩን ዳግመኛ ካትራም ቀቡ። ከአውራ ጣት ለሚበልጥ ቀዳዳ ከመለጠፊያው ክምር ሞገዱ የሚገጥም ቁራጭ ቆርጣችሁ በካትራም መሀል አስቀምጡ። ከላይ በኩል ይሁን፤ ከታች የተለጠፈ ውሃ ይይዛል።

አቀማመጡን ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ጀምሩ፤ የተደረበው ጠርዝ ለነፋሱ አፉን እንዳይከፍት። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በሲባጎ አስተካክሉ። እሱ ከጠመመ አራቱም ይጠማሉ። ከኋላ 20፣ ከፊት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል።

ሚስማሩ የሚመታው ሞገዱ ጉብታ ላይ ነው። ስርጉዱ ላይ ውሃ ይሄዳል፤ እዚያ የመታ ሰው ወንፊት ሠራ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሚስማር ሥር ጎማ ይኑር። ከሌለ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በሳንቲም ልክ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፤ እንዲያውም ከተገዛው የማይተናነስ ነው። ዳርና ዳር ባሉት ማገሮች ላይ በየሁለተኛው ጉብታ፣ መሀል ላይ በየሦስተኛው ምቱ። ጎማው እስኪጫን ድረስ ብቻ ነው። ጉብታው እስኪጎደጉድ አትምቱት።

አሮጌ ቆርቆሮ ላይ አትቁሙ። ከመሰላል ላይ ሆናችሁ ሥሩ፤ የግድ ከሆነ በማገሮቹ ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ተንበርከኩ።

ግድግዳ

ግድግዳው ላይ የምነግራችሁ ብዙ የለም። ሦስት መስመር ማገር ምቱ፤ ከታች፣ ከመሀል፣ ከላይ። ቆርቆሮውን አቁሙና በአቃናችሁት አሮጌ ሚስማር ምቱ። አንድ ሞገድ ቢደረብ ይበቃል። ዝገት ያለበትን ጫፍ ቆርጣችሁ ብታስወጡም የኋላው ግድግዳ 1.70 ብቻ ስለሚፈልግ ትርፍ አላችሁ። በጎን ያለው ተዳፋት ስለሆነ ሲባጎ ወጥራችሁ ምልክት አድርጉ፤ በቆርቆሮ መቀስ ቁረጡ። የተቆረጠ ጠርዝ ምላጭ ነው። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ በመዶሻ ወደ ውስጥ እጠፉት።

ቆርቆሮው መሬት እንዳይነካ። 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ያንን ክፍተት አይጥ እንዳይገባበት ድንጋይ ወይም አሮጌ ብሎኬት ደርድሩበት። ከላይ በግድግዳውና በጣሪያው መሀል የሚቀረውንም አትድፈኑት፤ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል። አየር ካልወጣ ሌሊት ከጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው ላብ እንደ ዝናብ ዕቃችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ብርሃን ከፈለጋችሁ ከፈረሰ ቤት የወጣ ትንሽ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ አስገቡ። ኤሌክትሪክ አትሳቡበት። የተላጠ ገመድ ቆርቆሮውን ከነካ ቤቷ በሙሉ ትነዝራለች።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ አንቲረስት ቀቡ። ከሰው የተረፈ ቀለም መቀላቀል ይቻላል፤ የዘይቱ ከዘይት፣ የውሃው ከውሃ ጋር ብቻ። የሚወጣው ቀለም ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አሮጌ በር ላይ ያለውን የቆየ የዘይት ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። በውሃ እያራሳችሁ ፍቁ፤ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

በርና ወለል

የላሜራ በር ከነመቃኑ ካገኛችሁ መቃኑን በሁለቱ ቋሚዎች መሀል አስገብታችሁ በእያንዳንዱ ጎን በሦስት ቦታ እሰሩት። በቱንቢ አስተካክሉ። ጠማማ መቃን ላይ በሩ ራሱን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ግማሹን ቤት ይበላል። ወደ ውጭ ሲከፈት ግን የማጠፊያው ፒን ውጭ ይቀራል፤ ሌባ ነቅሎት በሩን በሌላ በኩል ያወጣዋል። የፒኑን ጫፍ በመዶሻ ደፍጥጡት። መቀርቀሪያውን በሚስማር አትምቱ፤ በቡሎን አሳልፋችሁ ከውስጥ በዳዶ አጥብቁት። ከዚያ በኋላ ጓጉንቸሩ ጥሩ ይሁን።

ለወለል ከፋብሪካና ከመጋዘን የሚወጣ ፓሌት በጣም ምቹ ነው። ገረጋንቲ አፍስሳችሁ ጠቅጥቁ፣ ብሎኬት ደርድሩ፣ ፓሌቱን ላዩ ላይ አስተኙ። የፓሌቱ ጎን ላይ ያለውን ማህተም እዩ። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ በመርዛማ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም አትውሰዱ።

ከጣሪያው በታች በዝቅተኛው በኩል ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃው ከቋሚዎቹ እንዲርቅ አድርጉ። ከተቻለ አሸንዳ ስቀሉ። ይህች ጣሪያ 5.6 ካሬ ሜትር ገደማ ናት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን ከ100 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ሁለት እንደዚህ ያለ ዝናብ የ200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ካትራምና ዝገት ያለበት ጣሪያ ስለሆነ ውሃው ለግቢ ማጠቢያና ለአበባ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። በርሜሉን ክደኑት፤ ትንኝ ይራባበታል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ

ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ዝናብ ይለፍባት። በዘነበ ሰዓት ጠመኔ ይዛችሁ ውስጥ ግቡና ወደ ላይ እዩ። የሚንጠባጠበው ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ውሃው በቆርቆሮው ሥር ወይም በማገሩ ላይ ሄዶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከሚንጠባጠበው ተነስታችሁ ወደ ከፍታው በኩል መስመሩን ተከተሉ፤ እርጥበቱ የሚጀምርበትን አክብቡ። ሲደርቅ ከላይ በካትራም ድፈኑት። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ካትራም አይጣበቅም።

እርጥብ እንጨት ከተጠቀማችሁ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ሚስማሩም ይላላል። መስከረም ካለፈ በኋላ መሰላል አውጡና የጣሪያውን ሚስማሮች አንድ በአንድ በጣታችሁ ነካክታችሁ የላላውን መልሱ። ጎማው የተሰነጠቀውን ቀይሩ፤ የሽቦውንም ቋጠሮ አንዴ አጥብቁት።